ከፀጉር የቀጠነው ቦይና የክቡርነታቸው ቬንትሌተር

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ባይመለከተውም ማወቁ ለማይጎዳው ሁሉ፤ በከሚሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ በክቡር ኃላፊው ክፍል ሲሽከረከር የኖረው ባለ አንድ እግሩ ቬንትሌተር ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛውሯል።

ማስታወቂያው ፊርማና ማኅተም አርፎበት በሰሌዳው መሐል ተለጠፈ። በዚያ ግቢ ዝውውር እንዲህ በክብር ተነግሮ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ወደ ባቲ የተዛወሩት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መዛወራቸውን የሰሙት ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲያገኙ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ስም አለው። ነገር ግን ስሙ በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ስለሚረዝም ግማሹ ብቻ ተጽፎ፣ ቀሪው በሚመጣው በጀት ዓመት እንዲጻፍ አቅጣጫ ተቀምጧል። የሰውን ስም በግማሽ መጥራት ነውር ነውና ስሙ እስኪሞላ ድረስ «ጽሕፈት ቤቱ» እያልን እንቆይ።

የዝውውሩ መነሻ ሙቀት ነው። ከሚሴ ፀሐይዋን ለማንም የማትሰስት ለጋስ ከተማ ናት። የባለጉዳዩን ፋይል ሁሉ በሆዱ የያዘው ዋናው ኮምፒውተር ግን ልግስናውን አልቻለም። ረፋዱ ላይ ያቃስታል፣ ቀትር ሳይደርስ ይግላል፣ ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ጥፍት ይላል። ከሰንበቴ በሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣ ገበሬ አንገቱን በመስኮት አስግጎ ሲጠይቅ፣ «ሙቆበታል አባቴ፣ ነገ በጠዋት ይምጡ» ይባላል። ገበሬውም ለጓደኛው «ይህ ዕቃማ ሹመት አግኝቷል፤ ከሰዓት ቢሮው አይገኝም» ብሎት ይመለሳል።

ቬንትሌተሩ ከተዛወረ ወዲህ ኮምፒውተሩ ቀዘቀዘ። ክቡር ኃላፊው ጋሉ።

አቶ ሙሐመድዘይን በተፈጥሯቸው ደንዳና፣ በሥልጣናቸው ደግሞ ኮት የማያወልቁ ሰው ናቸው። በዚያ ወበቅ ዓመታዊውን የአፈጻጸም ሪፖርት አጥፈው ፊታቸውን ሲያራግቡበት ይውሉ ጀመር፤ ሪፖርቱ ከተጻፈ ወዲህ ሰው ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው። ቬንትሌተሩን መልሱልኝ እንዳይሉ፣ ማስታወቂያው ላይ «ለሕዝብ ጥቅም» የሚል ቃል አለ። ቃሉን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

መፍትሔው የመጣው ከኮንትራት ሠራተኛው ከአንዋር ነው፤ ያውም በስብሰባ ማብቂያ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚያይበት በ«ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሰዓት። አንዋር የጽሕፈት ቤቱን ሌዘር ማሽን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው። ማሽኑ ለቴክኖሎጂ ሽግግር ተገዝቶ፣ እስካሁን ያሸጋገረው ነገር ቢኖር የተሰናባች ኃላፊዎችን ስም ወደ እስክሪብቶ ነው። አንዋር «ለላቀ አገልግሎትዎ» የሚል ቃል ብረት ላይ ሲቀርጽ እየዋለ፣ በትርፍ ሰዓቱ ስልኩ ላይ ሌላ ነገር ያያል፦ ባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት በዚሁ በሌዘር ብርሃን መዳብ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ቀርጸው፣ ውሃ አሳልፈውበት፣ የኮምፒውተርን ልብ ሲያቀዘቅዙ።

«በእኛ ማሽንም የሚቻል ይመስለኛል» አለ።

ማንም አልሰማውም። አቶ ሙሐመድዘይን ብቻ ማራገባቸውን አቆሙ።

«ይህ ነገር ከሠራ ቬንትሌተሩ ምን ይሆናል?»

«ሥራ ይፈታል፣ ክቡርነትዎ።»

«ሥራ ይፈታል» አሉ ኃላፊው፣ ቃሉን እንደ ሐልዋ እያጣጣሙ። ከዚያ ተነሡ። «ባልደረቦች፣ አገር የምትለወጠው በቬንትሌተር አይደለም። በሳይንስ ነው። አንዋር፣ ኮምፒውተሩን ያለ ቬንትሌተር ካቀዘቀዝክልን፣ በምረቃው ዕለት በሕዝብ ፊት ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለህ።»

ቋሚ የሚለው ቃል ለሌላው ሰው የሥራ መደብ ነው። ለአንዋር ግን ጁወይሪያ ነበር። የጁወይሪያ እናት ወይዘሮ ዘይና ከባቲ ገበያ ፍየል የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ የፍየሉን ከንፈር ገልጠው ጥርሱን ሳያዩ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። አንዋርንም በዚያው ዓይን አይተው ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፦ «ልጁ መልካም ነው። ግን ኮንትራት ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ባልየውን ማን ያድስልናል?»

አንዋር ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ጁወይሪያ የሻሽ ሱቅ ከነፈ።

«ቋሚ ልሆን ነው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ። ኮምፒውተሩን በውሃ ካቀዘቀዝኩት።»

ጁወይሪያ የምታጥፈውን ሻሽ ትታ አየችው። «ኮምፒውተር ላይ ውሃ ስታፈስ ቋሚ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት? እኔ የማውቀው የሚያባርረውን ነው።»

«ላዩ ላይ አይደለም እኮ የሚፈሰው። በቦይ ነው የሚሄደው፤ ከፀጉርሽ በቀጠነ ቦይ።»

«ፀጉሬን የት አይተህ ነው?» አለችና ሻሿን አጠበቀች። ሳቋን ግን ማጥበቅ አልቻለችም።

አንዋር ሥራውን ጀመረ። የክብሪት ቀፎ የምታህል የመዳብ ዝርግ ከማሽኑ ሥር አነጠፈ። ብርሃኑ በአንድ መስመር ላይ እየሄደ እየተመለሰ፣ በየምልልሱ ትቢያ የምታህል መዳብ እየላጠ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጥ ያሉ ቦዮች ቆፈረ። ሲያዩት የቦርከና ወንዝ ዳር የመስኖ እርሻ ይመስላል፤ ጉንዳን ያረሰው እርሻ። በላዩ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ደፈነበት። ከአሮጌ ሚኒባስ የመስታወት ማጠቢያ ላይ የነቀላትን ትንሽ ፓምፕ ከኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ጋር አገናኘና ውሃ ለቀቀ። ውሃው በአንዱ ጫፍ ቀዝቅዞ ገብቶ በሌላው ሞቆ ወጣ። ኮምፒውተሩ ያለ ቬንትሌተር ረፋዱን አለፈ፤ ቀትሩንም አለፈ፤ ከሰዓት በኋላ የሰንበቴውን ገበሬ ፋይል ከፍቶ አሳየ። ገበሬው ደንግጦ «ሹመቱን ገፈፋችሁት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ሠራ ማለት ነው። ችግሩ የጀመረውም እዚህ ላይ ነው።

አቶ ሙሐመድዘይን መዳቡን በአጉሊ መነጽር መረመሩ።

«እነዚህ መስመሮች ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም፣ ክቡርነትዎ። ውሃ ነው የሚሄድባቸው።»

ኃላፊው ወደ ሕዝብ ግንኙነቱ ወደ ሪድዋን ዞሩ። የሪድዋን ሥራ ኃላፊው ያሰቡትን፣ ከማሰባቸው ትንሽ ቀደም ብሎ መናገር ነው።

«መልእክት የሌለው ቦይ የሚያስተላልፈው ውሃ ብቻ ነው» አለ ሪድዋን።

«ለዚያ እኮ ነው የተቆፈረው» አለ አንዋር።

«ወንድሜ፣ በእስክሪብቶ ላይ የስንቱን ስም ስትቀርጽ ኖረህ፣ ለታሪክ ሥራ ሲሆን መስመር ብቻ?»

የቦይ ይዘት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ከጽሕፈት ቤቱ አሠራር ጋር እንደማይጣጣም በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። በምትኩ ቦዩ «በክቡር አቶ ሙሐመድዘይን የላቀ አመራር» የሚል ጽሑፍ እንዲሆን፣ ውሃውም ከፊደል ወደ ፊደል እየፈሰሰ ኮምፒውተሩን እንዲያቀዘቅዝ ተወሰነ። የፋይናንስ ኃላፊው የእሳቸውም ስም ቢያንስ በመውጫው በኩል እንዲገባ ጠይቀው ነበር፤ ጥያቄው ለሚቀጥለው ኮምፒውተር ተላለፈ።

«ክቡርነትዎ» አለ አንዋር፣ «ፊደል መታጠፊያው ብዙ ነው። ውሃው ስምዎ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል።»

«እኔ ጋ ገብቶ መውጫ ያጣ ማን አለ?»

በረንዳው ላይ ከረመዳን በፊት ጀምረው ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ነበሩ። አልተጠየቁምና አልመለሱም።

አንዋር ስለ ጁወይሪያ ብሎ ቀረጸ። አዲሱ መዳብ ሲገጠም ውሃው እንደ ባለጉዳይ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እየተመራ፣ አንዳንዱ ጋ እንደ መመለስ እያለ፣ በስንት መከራ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ አለ። ኮምፒውተሩም ለብ ብሎ ዋለ። ለብ ማለት ትኩስ አይደለም። አንዋር አልሐምዱሊላህ አለ።

የምረቃው ዕለት ከክልል ክቡር እንግዳ መጡ። ኮምፒውተሩ አዳራሹ ፊት ለፊት፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ። ቅዝቃዜውን ነፋስ አመጣው እንዳይባል መስኮት ሁሉ እንዲዘጋ ትእዛዝ ተሰጠ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ታዳሚው ገና ተጨባብጦ ሳይጨርስ እንደ ቅቤ መቅለጥ ያዘ። ከነዋሪ ተወካዮች ረድፍ ወይዘሮ ዘይና ተቀምጠዋል፤ የመጡት የማሽኑን ጥርስ ሳይሆን የልጁን ለማየት ነው።

ፓምፗ ውስጥ የሚገባውን ውሃ እንዲመርቁ ሐጂ ሙህዲን ተጋብዘዋል። ሐጂ በቦርከና ዳር የመስኖውን ውሃ በየማሳው የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ናቸው። ሪድዋን ከጠዋቱ ዱዓ ላይ በባጃጅ ሲያስመጣቸው ጉንጫቸው በጫት እንደተወጠረ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ሐጂ? ደህና አደሩ?» አለ ሪድዋን። «ውሃውን ቱፍታ ያድርጉልን።»

«ቶሌ፣ እሺ ልጄ። ብቻ ቱፍ ሲባል ከአፍ ነውና ልጉመጥመጥ መጀመሪያ።»

«ካሜራው ተነሥቷል፣ ሐጂ።»

«የምመርቀው ለካሜራው ነው ወይስ ለውሃው?»

«ለሁለቱም።»

ሐጂ ሙህዲን እጃቸውን ዘረጉ። «ረቢ ይህን ማሽን ከትኩሳት ይጠብቀው።»

«አሚን» አለ አዳራሹ።

«ሹሙን ከቁጣ ይጠብቀው።»

«አሚን።»

«ባለጉዳዩን ከምልልስ ይጠብቀው።»

ይህ አሚን ከኋላ ወንበሮች ቆርቆሮውን አንኳኳ። ከዚያ ሐጂ ውሃው ያለበት ጆግ ላይ ጎንበስ ብለው ቱፍ፣ ቱፍ አሉበት። ምርቃቱ ከልብ ነበር፤ ትንሽ ትንሽም ከጉንጭ።

አንዋር ጆጉን ሲቀበል ውሃው ላይ አረንጓዴ ቅንጣት ሲንሳፈፍ አየ።

«ክቡርነትዎ፣ ውሃው ይቀየር» አለ በሹክሹክታ።

«የተመረቀ ውሃ? በሕዝብ ፊት? ከክልል እንግዳ ጋር?» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን፣ ለካሜራው ፈገግ እንዳሉ። «አፍስስ።»

አንዋር አፈሰሰ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ፓምፗም እንደ ንብ ማጉረምረም ጀመረች። በፕላስቲኩ ውስጥ የመጀመሪያው ቅንጣት «በክቡር» የሚለውን በሰላም አለፈ። «አቶ»ንም አለፈ። «ሙሐመድዘይን» ጋ ሲደርስ ቆመ። ሁለተኛው መጥቶ ከኋላው ቆመ። ሦስተኛው ሲመጣ ሰልፍ መሆኑ ገባውና ተራ ያዘ። ውሃው ቀጥ አለ።

አንዋር ዓይኑን ጨፍኖ ኮምፒውተሩ ጋለ እስኪባል ጠበቀ። ጋለ ሲባል ኃላፊው ይጮኻሉ፤ ኃላፊው ሲጮኹ ወይዘሮ ዘይና ይነሣሉ፤ ወይዘሮ ዘይና ሲነሡ ጁወይሪያ ትሄዳለች። ጠበቀ። ምንም የለም። ዓይኑን ሲገልጥ የፓምፗ ድምፅ ጠፍቷል። ስክሪኑ ጠቁሯል። የኃላፊው ማይክራፎን «ከመቼውም ጊዜ በላይ» የሚለውን ሐረግ ግማሹን ውጦ ቀርቷል።

መብራት ሄዷል።

አቶ ሙሐመድዘይን ድምፃቸው ማይክራፎን የማያስፈልገው ሰው ስለሆኑ ልዩነቱን አላስተዋሉም፤ ወይም አላስተዋልኩም ለማለት የሚበቃ የሥራ ልምድ አላቸው። ቀኑ ብሩህ ነው፤ በመስታወቱ የሚገባው ፀሐይ አዳራሹን ሞልቶታል።

«ስክሪኑ ጠቆረሳ?» አሉ ክቡር እንግዳው።

«ብልጭ ድርግም የሚለው ድሮ የሞቀው ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ሪድዋን። «የቀዘቀዘ ኮምፒውተር ረጋ ይላል።»

እንግዳው ይህን እንደሚያውቁ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፉ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ሁሉም በማዕረጉ ተሰልፎ መንካት ጀመረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ማሻአላህ፣ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚመስል» አሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ከሰብሳቢው ላለማነስ «እኔንማ ጣቴን ቆረጠመኝ» ብለው እጃቸውን አራገፉ። ክቡር እንግዳው ከግንባራቸው የሚወርደውን ላብ በመሐረብ እየተከላከሉ፣ «የሚገርመው አዳራሹ ራሱ ነፈሰ። ጋቢ ብጤ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አሉ።

አንዋር ከዚህ በላይ አልቻለም። «ክቡር እንግዳ፣ ኮምፒውተሩ እኮ...» ብሎ አፉን ከፈተ።

«ይህን ድንቅ በእኛ አመራር የሠራው ወጣት አንዋር» አሉ አቶ ሙሐመድዘይን ክንዱን ጨብጠው፣ «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛችን ነው።»

አንዋር አፉን ዘጋ። ሰው አፉን ለእውነት ከፍቶ ለእንጀራ ሲዘጋው ድምፅ የለውም፤ ጭብጨባ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

ወይዘሮ ዘይና ተራቸው ደርሶ መጡ። ኮምፒውተሩን እንደ ፍየል ከላይ ዳሰሱት፣ ጎኑን ነካ አደረጉት፣ ጆሯቸውን አስጠጉት። ከዚያ ወደ አንዋር ጠጋ ብለው፣

«የሞተ ፍየልም እንዲሁ ነው የሚቀዘቅዘው» አሉት።

«እትዬ ዘይና፣ እኔ...»

«ዝም በል አንተ። ቋሚ ብለውሃል።»

ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

የመጨረሻው መርሐ ግብር የቬንትሌተሩ መመለስ ነበር። ሁለት ሠራተኞች በሪባን አስጊጠው፣ እንደ ሙሽራ ደግፈው አመጡትና ከኃላፊው ቀኝ አቆሙት። ለወጉ ረጅም ሽቦ ተስቦ ተሰካ። አቶ ሙሐመድዘይን አንገቱን ዳበሱት፤ ከናፍቆት ይሁን ከልማድ ጣታቸው ሄዶ ትልቁን ፍጥነት ተጫነ። ቬንትሌተሩ ዝም አለ።

ኃላፊው ለአፍታ ደነገጡ። ነገር ግን ሹም ሆኖ የኖረ ሰው ድንጋጤን ወደ ንግግር መለወጥ ያውቃል።

«እዩት! ተከፍቶ እንኳ አይዞርም። ለምን? የሚያቀዘቅዘው ነገር ስለሌለ! ዛሬ በከሚሴ ሳይንስ ነፋስን ጡረታ አወጣው!»

ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበ። ኃላፊውም የተዘጋጀውን ረጅሙን ንግግር ከኪሳቸው አወጡ። «ሙቀት» ብለው ጀመሩ፣ «የአስተሳሰብ ችግር ነው።»

በዚህ መሐል ከጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረ። ከመንገድ ማዶ አንዱ ባለሱቅ ለሌላው «መጣ!» ሲል ተሰማ።

ቬንትሌተሩ ነዘር አለ። ክንፎቹ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ ከዚያ በሙሉ ኃይላቸው ዞሩ። ሪባኑ ተውለበለበ። የንግግሩ ወረቀት ከኃላፊው እጅ ተነሥቶ ከሐጂ ሙህዲን ጉልበት ላይ አረፈ።

ቬንትሌተሩ አንገቱን ወደ ግራ ሲያዞር የግራው ረድፍ ፊቱን አቀናለት። ወደ ቀኝ ሲያዞር የቀኙ ረድፍ አገጩን አነሣለት። ጋቢ የናፈቃቸው ክቡር እንግዳ ክራቫታቸውን አላሉ። አቶ ሙሐመድዘይን ወረቀታቸውን አልተከተሉም፤ ዓይናቸውን ከድነው ኮታቸውን ለነፋሱ ከፈቱለት። እንዲህ ያለ እርካታ በየትኛውም ሪፖርታቸው ላይ ታይቶ አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ ጢው ብሎ ነቃ። ፓምፗ ገፋች፤ ስሙ ጋ ደርሳ አልተከፈተላትም፤ ተመልሳ ገፋች። ወይዘሮ ዘይና ከወንበራቸው ብድግ ብለው መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ፈጥነው አነሡ።

«አንዋር፣ ልጄ» አሉ፤ ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። «ከሞት ተነሥቷል። እየጋለ ነው።»

አንዋር የቋሚነቱን የመጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ቬንትሌተሩን እየዞረ እንዳለ አንገቱን ይዞ ከኃላፊው ቀኝ አነሣው። አቶ ሙሐመድዘይን ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ ነገር ሊሉ ነበር፤ ማስታወቂያው ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። አንዋር ሽቦውን እየጎተተ አዳራሹን አቋረጠና ቬንትሌተሩን ከኮምፒውተሩ ኋላ፣ ነፋሱ ኮምፒውተሩን እየነካ እንዲያልፍ ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጎ አቆመው።

አንድ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። የክቡር እንግዳው ነበር።

«እዚህ ጋ ሆኖ ለማየት ይመቻል» አሉ።

የፋይናንስ ኃላፊው ወንበር ተከተለ። የኮሚቴው ሰብሳቢም ተከተሉ። ሪድዋን የራሱን ትቶ የኃላፊውን ወንበር ጎተተ። በመጨረሻም ሐጂ ሙህዲን ወረቀቱን አጥፈው ለአቶ ሙሐመድዘይን እየመለሱ፣ «ልጉመጥመጥ ብዬ ነበር እኮ» አሉና ከመሐል ገቡ።

ጉባኤው በሙሉ ተጠጋግቶ ከቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጠ። ቬንትሌተሩም ከኮምፒውተሩ በላይ ቁልቁል እያያቸው፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ማንንም ሳይዘል፣ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቅባቸው ጀመር።